የሴዴቅያስ ቀንድና የናቡቴ ድንጋይ

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ነገሥት 21 እና 22፤ ኤርምያስ 38፥1-13



ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ ስንሰብክ ስለ ስግብግብነት እንሰብካለን። ስለ ሚክያስ ስንሰብክ ደግሞ ስለ እውነተኛና ስለ ሐሰተኛ ነቢይ። ሁለቱን ምዕራፎች አያይዞ ያነበበ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። በ21ኛው ምዕራፍ ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ስላለ፣ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ተብሎ በሁለት ምናምንቴ ምስክሮች ተከሶ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። የተከሰሰው በንግግር ነው። በ22ኛው ምዕራፍ አራት መቶ ያህል ነቢያት በሰማርያ በር አደባባይ ቆመው አክዓብን ወደ ሬማት ዘገለዓድ እንዲዘምት ይገፋፉታል። የክንዓና ልጅ ሴዴቅያስማ የብረት ቀንድ ሠርቶ ሶርያውያንን እንዴት አድርጎ እንደሚወጋቸው በትርኢት አሳየው። ሠራዊቱ እረኛ እንደሌለው መንጋ ተበትኖ አየሁ ያለው የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻ ነበር። እርሱም በዚያው አደባባይ በጥፊ ተመትቶ ወደ ግዞት ቤት ተላከ፤ ቀለቡም እንዲቀነስ ታዘዘ።

ሁለቱም የሆኑት በአንድ ንጉሥ ዘመን ነው። በአክዓብ መንግሥት በተናገሩት ቃል መከሰስና መቀጣት ነበረ ማለት ነው። የተቀጡት ግን ርስቱን አልሸጥም ያለው ሰውና እውነቱን የተናገረው ነቢይ ናቸው። ባለ ቀንዱን ሴዴቅያስን ያን ዕለት የነካው የለም።

ይህን ያነሣሁት "የጦርነት ቅስቀሳ በወንጀል ያስቀጣ ወይስ የመናገር ነፃነት ይጠበቅ?" የሚለው ክርክር በእኛ አገር የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ስላልሆነ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ኮምቦልቻ ባለው መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው የቤቱና የልጆቹ ጉዳይ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ያስቀጣ። ነገር ግን የሚያስቀጣው ሰውን ለማጥፋት የሚደረገው ጥሪ ይሁን እንጂ ሐሳቡ አይሁን፤ ተጠያቂነቱም ድምፁ ትልቅ ከሆነው ሰው ይጀምር። የእኛም መድረክ ሕጉ አይነካኝም ብሎ አይዝናና።

አካባቢውን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የዞኑ ሕዝብ እጅግ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ እኛ ወንጌላውያን በጣት የምንቆጠር ነን። ከሸዋ ሮቢት የተነሣ ሚኒባስ ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ካራ ቆሬን አልፎ ከሚሴ እስኪገባ ድረስ ከሰሜን ሸዋ ወደ ኦሮሞ ዞን፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ እንደገና ወደ ኦሮሞ ዞን ይሻገራል። ተሳፋሪው ግን ወሰኑን አያየውም፤ የሚያየው ማሽላና ከብት የሚነዳ ሰው ነው። ገበያው የጋራ ነው። ብዙው ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። ሲጣላም በአበጋሮች ዱዓና ሽምግልና ሲታረቅ የኖረ ሕዝብ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ነው በመጋቢት 2013 አጣዬ ውስጥ አንድ ኢማም መገደላቸው ከተሰማ በኋላ ግጭቱ የተቀጣጠለው። ከ300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተናግሯል። ብዙ ሳይቆይ በሚያዝያ ተመልሶ መጣ፤ የአጣዬ ከተማ አብዛኛው ክፍል ተቃጠለ፤ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ። በጥር 2015 እንደገና በጅሌ ጥሙጋና በአጣዬ ዙሪያ ደም ፈሰሰ።

ያን ሰሞን ስልክ በእጁ የነበረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከእያንዳንዱ ዙር ጥቃት ፊት ፊት የሚሄድ ወሬ ነበር። በአንዱ ወገን "ከሚሴ ሁሉ ሸኔ ነው" ይባላል፤ በሌላው ወገን የአጣዬ ሰው ሁሉ "ነፍጠኛ" ነው። የት እንደተነሣ የማይታወቅ የአስከሬን ፎቶ እዚህ የአጣዬ ነው፣ እዚያ የሰንበቴ ነው እየተባለ ይዞራል። እናት ልጇን አቅፋ "ዛሬ ማታ እነርሱ ይመጣሉ" የሚል መልእክት ታነባለች። በወዲያኛው ሰፈር ያለችውም እናት ያንኑ ታነባለች።

በጥቅምት 2014 ደግሞ ሌላ መጣ። የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ይዘው ወደ ደቡብ ሲገፉ፣ መንግሥት "ሸኔ" የሚለው፣ ራሱን ግን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው ታጣቂ ከሚሴን መያዙን አስታወቀ፤ ሁለቱ እዚያ መገናኘታቸውንም ተናገሩ። ከተማዋ በመንግሥት እጅ የተመለሰችው በኅዳር መጨረሻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከተማዋ በታጣቂ እጅ መውደቋ ነዋሪዋ ሁሉ ተባባሪ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ተወራ። ደሴም ወድቃ ነበር፤ ስለ ደሴ ሰው ግን እንዲህ በጅምላ ሲባል አልሰማሁም። ሻይ ቤቷን ትታ ወደ ገጠር የሸሸች የከሚሴ ሴት ማን ጋር ተባብራ ነው?

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ከደነገገ በኋላ በንዑስ አንቀጽ 6 ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። ሐሳብ በይዘቱ ወይም በሚያስከትለው ውጤት ምክንያት ሊገደብ አይችልም። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን ለመንካት ታስቦ በአደባባይ የሚደረግ መግለጫ ደግሞ በሕግ ይከለከላል። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 20 የጦርነት ቅስቀሳ በሕግ እንዲከለከል ያዛል። ስለዚህ "ማንኛውንም ቃል በወንጀል መጠየቅ አምባገነንነት ነው" ከሚሉ ወንድሞች ጋር አልስማማም። ቃል ኃይል እንዳለው እኛ ሰባክያን ካላመንን ማን ሊያምን ነው? ያዕቆብ ስለ ምላስና ስለ እሳት የጻፈውን ስንት ጊዜ ሰብከነዋል።

ቃል አይገድልም የሚል ካለ የፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ነገር ያስብ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩ የትግራይ ተወላጅ ናቸው። ስማቸውን፣ ፎቶአቸውንና የሥራ ቦታቸውን የያዘ የሐሰት ክስ በፌስቡክ ተለጠፈባቸው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014፣ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ቤተሰባቸው ፌስቡክን ኬንያ ፍርድ ቤት አቁሞታል፤ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። የናቡቴ ምስክሮች ሁለት ነበሩ። በዚህ ዘመን ስንት ሰው "ሼር" እንዳደረገ ማን ይቆጥራል?

ተዋጊዎቹም ራሳቸው ይህን ያውቁታል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የፈረሙት ስምምነት እንዲቆሙ ከዘረዘራቸው ነገሮች መካከል የጠላትነት ፕሮፓጋንዳና የጥላቻ ንግግር ይገኙበታል። ከአየር ድብደባና ከፈንጂ ቀበራ ጋር አብሮ የተጻፈ ነገር መሣሪያ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ከባዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን 2012 የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185 አጸደቀ፤ 23 አባላት ተቃውመውት ነበር። የጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ አምስት ዓመት ይሄዳል። ሐሰተኛ መረጃም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ ይከብዳል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ከሚሴንና አጣዬን አስቦ የተጻፈ ይመስላል።

ታዲያ መጀመሪያ የያዘው ማንን ነው? አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በወጣ በቀናት ውስጥ ጋዜጠኛ ያየሰው ሽመልስ ታሰረ፤ በኋላም በዚሁ አዋጅ ተከሰሰ። የተከሰሰው ለኮሮና 200,000 መቃብር እንዲዘጋጅ ታዟል ብሎ በመዘገቡ ነው። ዘገባው ስህተት ነው እንኳ ብንል በማን ላይ የተጠራ ጥቃት ነው? ጥቅምት 23 ቀን 2014 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ለሽብር ቡድን "የሞራል ድጋፍ" መስጠትን ከለከለ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንም ፈቀደ። በኅዳር የአሶሼትድ ፕሬስ ዘጋቢ የነበረው አሚር አማን ተይዞ ክስ ሳይመሠረትበት አራት ወር ታሰረ። ትግርኛ ስለሚናገሩ የታሰሩትንማ ስንቶቻችን ከጉባኤያችን ፈልገን አጥተናቸዋል። በዚያ የሰንበቴና የአጣዬ መንገድ ላይ "እነዚህን አጥፉ" እያሉ የጻፉት ግን ስንቱ ችሎት ፊት ቆሙ? እኔ በስሙ ተጠርቶ የተፈረደበት አንድም ሰው አልሰማሁም።

ወንድሞችና እህቶች፣ የሚቀጥለውን በፍቅር ተቀበሉኝ። በዚያው ጥቅምት ወር ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን ጽሑፍ ከገጻቸው አነሣው። ጽሑፉ ሕዝቡ ያገኘውን መሣሪያ ይዞ እንዲነሣና ጠላትን እንዲቀብር የሚጠራ ነበር፤ ድርጅቱም ለጥቃት ማነሣሣትን የሚከለክለውን ደንቤን ጥሷል አለ። ከመንግሥት ወገን "ካንሰር"፣ "አረም"፣ "የቀን ጅብ" ሲባል ሰምተናል። ከሕወሓት ወገን ከአማራ ልሂቃን ጋር "ሂሳብ ማወራረድ" ሲባል ሰምተናል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንደ እኛው ወንጌላዊ አማኝ ናቸው፤ ብዙዎቻችን በዚህ ደስ ብሎናል፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እንዳዘዘውም እንጸልይላቸዋለን። ይሁን እንጂ አክዓብን ያጠፋው የሚጸልይለት ሰው ማጣቱ አልነበረም፤ አራት መቶ ነቢያት ነበሩት። አንድ አገር በ5,000 ተከታይ ያለውን ወጣት በሕግ ጠይቆ ሚሊዮኖች የሚከተሉትን ባለሥልጣን የማይጠይቅ ከሆነ ሕጉ ሚዛን አልያዘም።

"እና መስመሩ የት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁኝ የሩዋንዳን አንድ ፍርድ አነሣለሁ። ሲሞን ቢኪንዲ የታወቀ ዘፋኝ ነበር። ዘፈኖቹ ለሁቱዎች እየተለቀቁ ጥላቻን አራግበዋል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ግን በ2008 እ.ኤ.አ. ሲፈርድበት በዘፈኖቹ ጥፋተኛ አላለውም፤ ሲደርሳቸው ዘር ማጥፋትን ለመቀስቀስ አስቦ መሆኑ አልተረጋገጠም አለ። የ15 ዓመት እስራት የተፈረደበት በሌላ ነገር ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ከታጣቂዎች ጋር በመኪና ሆኖ በአንድ ዋና መንገድ ሲሄድ፣ በድምፅ ማጉያ ቱትሲዎችን ጨርሱ ብሎ በመጣራቱ ነው። ይህን ፍርድ ስንብብ ዘፈኖቹንስ እንዴት ዝም አሏቸው ብዬ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ጥበቡ ይታየኛል። ዳኞቹ የጠየቁት ማን ነው የተናገረው፣ ለማን፣ መቼ፣ ምን እንዲደረግ ፈልጎ የሚለውን ነው። በመንገድ ዳር የቆመ ባለ ገጀራ የሚሰማው የድምፅ ማጉያ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከሚያዳምጠው መጥፎ ዘፈን ይለያል። እኛም አገር መንገዱ አለ፤ ድምፅ ማጉያው ብቻ ወደ ኪስ ገባ።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ቢሆን "ጦርነቱ ትክክል አይደለም" ያለ አይከሰስም። "ጦርነቱ ትክክል ነው፣ እንዋጋ" ያለም በዚያ ብቻ አይከሰስም፤ ክፉ ምክር ሊሆን ይችላል፣ ግን ሐሳብ ነው። "ያንን ሰፈር አቃጥሉ፣ ያንን ሕዝብ አታስተርፉ" ያለ ግን፣ የሚሰማው ታጣቂ እያለና ጊዜው ሲደርስ ያለ ከሆነ፣ ሥልጣኑ ምንም ቢሆን በመደበኛ ፍርድ ቤት በግልጽ ችሎት ይጠየቅ። ኮማንድ ፖስት እዚህ ውስጥ አይግባ። በአክዓብ ዘመን ምስክሮቹን ያስቀመጠውም ክሱን የጻፈውም ቤተ መንግሥቱ ራሱ ነበር፤ ኤልዛቤል ደብዳቤውን በንጉሡ ማኅተም አትማ ነው የላከችው።

አንዳንድ አገልጋዮች "መንግሥት ቢያጠብቀው ምን አለበት፣ እኛን አይነካን" ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ታሪካችንን ረስተዋል። በ1964 የሙሉ ወንጌል አማኞች ተሰብስበው ስለ ጸለዩ በገፍ ታስረዋል። በደርግ ዘመን ስብከታችን "ፀረ አብዮት"፣ ወንጌላችን "መጤ" ተብሏል፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተወስደው ተገድለዋል። ዛሬም በከሚሴና በባቲ ያሉት ጥቂት አማኞቻችን ኢየሱስ ጌታ ነው ብለው የሚናገሩት፣ ያ ንግግር ጎረቤታቸውን ደስ ባያሰኝም ወንጀል ስላልሆነ ነው። ቃሉ ደስ ያላሰኘው ሁሉ የሚከስበት ሕግ ቢወጣ መጀመሪያ የሚዘጋው የእነርሱ ቤት ነው።

አሁን ወደ መድረካችን ልምጣ። አዋጅ 1185 በአንቀጽ 6 የሃይማኖት ትምህርት አካል የሆነ ንግግርን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። ይህ መልካም ነው፤ ቢነሣ እቃወማለሁ። ነገር ግን ፈቃዱ ምን እንደ ሰጠን እናስብ። በሻይ ቤት ቢናገረው የሚያስጠይቅ ቃል፣ አንድ ሰው ኮት ለብሶ፣ ማይክ ይዞ፣ "ጌታ እንዲህ ይላል" ብሎ ቢጀምረው ከሕግ ሊያመልጥ ይችላል። በእነዚያ የጦርነት ወራት በየጉባኤው የድል ቀን ሲቆረጥ፣ ጠላት የተባለው ሕዝብ እንደ አማሌቅ ሲታወጅ፣ ሕዝቡም በእልልታ ሲቀበል ታይቷል። በግንባሩ በሌላ በኩል ያሉትም አማኞች እንዲሁ ይጸልዩ ነበር። አሜን ያልንባቸው ልጆች አስከሬን ከሁለቱም ወገን በአንድ ሜዳ ወደቀ።

ሕግ የማይገባበት ቦታ ሽማግሌዎች ይገባሉ። አንድ አገልጋይ ሕዝብን በጅምላ ሲራገም የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጠርተው ይጠይቁት፤ ለጊዜው ከመድረክ ያውርዱት። በዝሙት ሲወድቅ የምናደርገው ይህን አይደለም? ትንቢት ይመዘናል ብለን እናስተምራለን፤ የጦርነት ትንቢትም ይመዘን፤ ቀኑ አልፎ ካልሆነም የተናገረው ሰው በዚያው ማይክ ፊት ቆሞ ይናገር። የሐዘን ፎቶና "አስቸኳይ" የሚል መልእክት በአጥቢያ የቴሌግራም ቡድን ላይ ከመለቀቁ በፊት ደግሞ አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው በቦታው ላለ ሰው ደውሎ ያረጋግጥ። የከሚሴ ሰው ስልክ ያነሣል።

የኤርምያስንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ኤርምያስ 38 ላይ አለቆቹ ያቀረቡበት ክስ የወታደሩን ክንድ አደከመ የሚል ነው፤ ዛሬ "የሠራዊቱን ሞራል ነካ" የምንለው ነው። ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ንጉሡ ፈርቶ ዝም አለ። ቀርቦ የተናገረለት የእኛው አገር ሰው ነበር፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። ሲያወጣውም ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለት።

የአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ በሌላ ጦርነት ውስጥ ገብቷል፤ ስልኮቻችን እንደገና መጮኽ ጀምረዋል። በዚህ እሑድ በየአጥቢያችሁ ስለ አገር ስትጸልዩ አጣዬንና ሰንበቴን፣ ካራ ቆሬንና ከሚሴን በአንድ ጸሎት ጥሯቸው። በተናገሩት ቃል ታስረው ያሉትንም፣ የምትስማሙበትንም የማትስማሙበትንም፣ በስማቸው አስቧቸው፤ የሚጠይቃቸው ቤተሰብ ሩቅ ከሆነ ስንቅ የሚያደርስ ሰው ከመካከላችሁ ምረጡ።